የእማዬ ፔዳል

ጥቅምት 6

ለተከበርከው ለጋሼ፣

ይህች ደብዳቤ ከእጅህ ስትገባ በሙሉ ጤና ታግኝህ። እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን። አባባም ሰላም ብሎሃል። እውነቱን ለመናገር አላለም፤ ቢናገር ግን እንደዚያ እንደሚል ስለማውቅ እኔው ብዬልሃለሁ።

ከውጭ አገር የላክልን ኮምፒውተር በሰላም ደርሷል፤ እጅህ ይባረክ። አባባ ቅጥነቱን አይቶ «ክዳኑን ብቻ ነው እንዴ የላከው? ሌላው የታለ?» አለ። እማዬ ካረፈች ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ስለሆነ ልጽፍልህ ፈለግሁ።

አሁን ወደ ችግሬ ልግባ። የኮምፒውተሩ ቀዳዳዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የምስር ፍሬ ያህላሉ። የእማዬ ዕቃዎች ደግሞ፣ እንደምታውቃቸው፣ ሁሉም ጫፋቸው ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ኪቦርዷ አይገባም፣ የጆሮ ማዳመጫዋ አይገባም፣ ከሁሉ በላይ ፔዳሏ አይገባም። የፍርድ ቤቱ ሰዎች የእማዬን ሥራ ለሙከራ ሰጥተውኛል። የችሎት ድምፅ ይልኩልኛል፣ እኔ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ያለ ፔዳል ግን እጄ ድምፁን በማስቆምና በማስኬድ አለቀ። መሃሉን ሲረግጡት የሚሄድ፣ ግራውን ሲረግጡት ወደ ኋላ የሚመልስ ነገር ከለመዱ በኋላ በጣት መሥራት በማንኪያ ጉድጓድ እንደመቆፈር ነው።

ይህንንም ያህል የምወተውትህ ለሥራዬ ብቻ አይደለም። አባባ ከቤት መውጣት አቁሟል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ከድሮ ሾፌሮች ጋር ሲከራከር ይውል እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ከእማዬ ጠረጴዛ አጠገብ ካለችው ወንበር አይነሳም። ጫማው በር ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ዕቃዎቿ ሲሠሩ ቢያይ ምናልባት ልቡ ይመለስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ስልክ ደጋግሜ ደውዬልህ ነበር። አላነሳህም።

አክባሪህ፣ ችኩሊት

ጥቅምት 30

ይድረስ ለውድ ችኩሊት፣

ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። ስልኩን ያላነሳሁት የምሠራበት የጥገና ሱቅ ምድር ቤት ስለሆነ ነው፤ እዚያ እንኳን የስልክ መስመር ፀሐይም አይገባም።

አይዞሽ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የተቀየረው ቀዳዳው እንጂ ቋንቋው አይደለም። አሮጌው ዕቃና አዲሱ ኮምፒውተር ዛሬም ይግባባሉ፤ የጎደለው መሃል የሚገባ ሽማግሌ ብቻ ነው። ሽማግሌውን ልኬልሻለሁ። በአንድ ወገን እንደ ምስር፣ በሌላው ወገን ሰፊ አፍ ያላት ትንሽ አዳፕተር ናት። አብራ ያለችው ነጭ ነገር ሀብ ትባላለች። እንደ ግድግዳ ሶኬት ማከፋፈያ ናት፤ አንዱን ቀዳዳ ለብዙ ታካፍላለች።

አሰካኩን ልንገርሽ። መጀመሪያ ፔዳሉን ብቻውን ስኪ። ኮምፒውተሩ ዕቃ ሲሰካ «ገባ»፣ ሲነቀል «ወጣ» እንደማለት ያለች ድምፅ ያሰማሻል። ፔዳሉ መሥራቱን አረጋግጪ። ከዚያ ሌላውን ጨምሪ፣ ደግሞ አረጋግጪ። አንድ በአንድ! ቅጽል ስምሽን ስለማውቅ ነው ሁለቴ የምጽፈው። አንድ በአንድ።

የጣሪያው ቆርቆሮ ተመታ ወይ? የጎረቤት ውሻ አሁንም ፖስተኛ ያባርራል? የሳሎኑ መስኮት ይዘጋል? ጻፊልኝ።

አባትሽን «ጉልበትዎን ስሜያለሁ» ብሏል በያቸው።

የእናንተው አፍራሹ

ኅዳር 21

ለውድ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትህ? ሽማግሌህ ደረሰ፤ አስታራቂነቱም ያዘ። ቆርቆሮው ተመቷል፣ ውሻው አርጅቶ ፖስተኛውን በዓይኑ ብቻ ነው የሚያባርረው፣ መስኮቱ እንደ ድሮው ነው።

አንድ በአንድ አላደረግሁም። አትቆጣኝ፣ የችኮላ ጉዳይ አይደለም። ፔዳሉን ሰክቼ እግሬን ሳሳርፍና ድምፁ ሲሄድ አባባ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ኪቦርዷን አቀበለኝ፣ ማውዟን፣ ማዳመጫዋን፣ አንገቷ የምትታጠፈዋን መብራቷን፣ በመጨረሻም ያቺን የእጅ መዳፍ የምታክል ማራገቢያዋን። «ማራገቢያው ለሥራ አያስፈልግም አባባ» ብለው «አንዱ ከጎደለ የሷ ጠረጴዛ አይደለም» አለኝ። ሁሉንም ሰካናቸው። ሁሉም ሠሩ። ማራገቢያዋን ፊቷ ወደነበረበት አቅጣጫ ያዞራት እሱ ነው።

አሁን የምጽፍልህን ሳትስቅ አንብብልኝ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ የአንድ የአጥር ክርክር ድምፅ እገለብጥ ነበር። እግሬ መሃሉ ላይ ነው፤ ግራውን አልነካሁም። ኮምፒውተሩ በራሱ «ወጣ» የሚለውን ድምፅ አሰማ፣ ወዲያው «ገባ» አለ፣ ድምፁም ቆሞ ወደ ኋላ ተመለሰ። ምስክሩ የተናገረውን ደግሜ ሰማሁ። ለካ አንድ ሙሉ መልስ ዘልዬ ኖሯል።

እማዬ ከኋላዬ ቆማ ምን ትለኝ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ «ሁለቴ ሰምተሽ አንዴ ጻፊ።» በልጅነቴ እግሬን በእግሯ ገፋ አድርጋ ግራውን ትረግጠው ነበር። ልክ እንደዚያ ነው የሆነው ጋሼ። እግሬን ከፔዳሉ ላይ ነጠቅሁት።

አባባ ከወንበሩ ሆኖ በቀስታ «መጣች» አለ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይደገማል። ወጣ፣ ገባ፣ ወደ ኋላ። ስመረምረው ብዙ ጊዜ የተሳሳትኩበት ቦታ ነው የሚመለሰው። አባባ ከቀትር ጀምሮ ወንበሩን ወደ ፔዳሉ አስጠግቶ ይጠብቃታል። የቀን ውሎውን ይነግራታል፤ ውሎ የለውም እንጂ። ምግቡን እዚያው አቅርቢልኝ ይላል፣ አቀርብለታለሁ፣ ሳይነካው ይመለሳል። ዕቃዎቿ ሲሠሩ ከወንበሩ ይነሳል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ተተከለበት።

ፈርቻለሁ። እማዬን ልፈራ የማይገባኝ ይመስለኛል፣ ግን ፈርቻለሁ። ምክንያቱን ታውቀው ከሆነ ንገረኝ።

ልጅህ፣ ችኩሊት

ታኅሣሥ 12

ለውድ ችኩሊት፣

ሰላም ላንቺና ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤሽን አነበብኩ፣ አልሳቅሁም።

ምክንያቱ ረሃብ ነው። ኪቦርድ፣ ማውዝ፣ ማዳመጫ፣ ፔዳል፣ መብራት፣ ማራገቢያ። አንድ የምስር ቀዳዳ ላይ ስድስት አፍ አንጠልጥለሽበታል። የላክሁልሽ ሀብ የራሷ ኃይል የላትም፤ ከኮምፒውተሩ የምታገኘውን ነው የምታካፍለው። ቀን ላይ መብራቷ ስለማትበራ እንደምንም ይብቃቃሉ። ሲመሽ መብራቷን ታበሪያለሽ፣ ኃይሉ ያንሳል፣ ፔዳሉ ለአንድ አፍታ ራሱን ይስታል። «ወጣ» ያለሽ እሱ ነው። ነፍስ ሲዘራ «ገባ» ይላል።

ወደ ኋላ መመለሱም የራሱ ምክንያት አለው። ፔዳሉ ሲጠፋ ድምፁን የሚያስኬደው ፕሮግራም እግርሽን ያነሳሽ ይመስለዋል። እግር በተነሳ ቁጥር ትንሽ ወደ ኋላ እንዲመለስ ደግሞ እናትሽ፣ እትዬ፣ ራሷ አስተካክላዋለች። ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ስታዛውሪው ያው የሷ አሠራር አብሮ መጥቷል። የተሳሳትሽበት ቦታ ላይ ተመለሰ ላልሽው፣ እኔ እስከማውቅሽ ድረስ አንቺ ያልተሳሳትሽበት ቦታ ማግኘት ነው የሚከብደው።

መብራቷንና ማራገቢያዋን ንቀያቸው። ይቆማል። መንፈስ አይደለም፣ መብራት ነው።

ክረምቱ እዚህ ከባድ ነው። የሱቁ ማሞቂያ ተበላሽቶ እኔው ጠገንኩት። የግቢው በር ቀለም ተቀባ ወይ?

አፍራሹ

ጥር 9

ጋሼ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ልክ ነህ። አባባ ሊታጠብ ሲገባ መብራቷንና ማራገቢያዋን ነቀልኩ። ቆመ። ሲመሽ ጠበቀ፣ ምንም የለም። በማግስቱ ጠበቀ፣ ምንም የለም። ከዚያ ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰና «ማን ነው የነቀለው?» አለ። ጮኾ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጉልበቱ እንደማይታጠፍለት ታውቃለህ፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈልጎ መልሶ ሰካቸው። መብራቷን አበራ። ወጣ፣ ገባ፣ ወደ ኋላ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ አለቀሰ።

ምክንያቱን ነግሬዋለሁ። ረሃብ ነው፣ መብራት ነው፣ ፕሮግራም ነው ብዬ ያልከውን ሁሉ አልኩት። «እድሜዬን ሙሉ መኪና ነድቻለሁ። ሞተር ለምን እንደሚነሳ አውቃለሁ። ተሳፋሪው ማን እንደሆነ ግን ሞተሩ አይነግርሽም» አለኝ። እኔ ራሴ ምክንያቱን እያወቅሁ ወደ ኋላ ሲመለስ አሁንም እግሬን ከፔዳሉ እነጥቃለሁ።

አባባ ከስቷል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቼለታለሁ። እንዲህ ከቀጠለ ሁለተኛ ሰው ከዚህ ጠረጴዛ ላጣ ነው።

አንድ ነገር ልናገርና ይቅርታህን ልለምን። ስለ ቆርቆሮው ጠየቅከኝ። ስለ ውሻው፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ በሩ ቀለም ጠየቅከኝ፤ ስለ እያንዳንዷ ሽቦ ጻፍክልኝ። ያሳደገችህ ሴት ናት። ለአክስቷ ልጅ ሳይሆን ለልጇ እንደሚደረግ ነው ያደረገችልህ። ስለ እሷ አንድ ቀን አልጠየቅከኝም።

ሌላ ዕቃ አትላክልን።

ችኩሊት

መጋቢት 25

ለውድ ልጄ፣

እንደምን አላችሁልኝ? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ስለዚህ የማውቀውን አደረግሁ። አትላክ ብትዪም ልኬአለሁ፣ እርገሚኝ።

ጥቁሯ ሀብ ከግድግዳ ኃይል የምትወስድ ናት። ሁሉንም ታጠግባቸዋለች። አንዱንም ዕቃዋን መንቀል አያስፈልግም፣ መብራቷም ማራገቢያዋም እንደነበሩ ይሁኑ። እዚያ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ ንቀያቸው ማለት አልነበረብኝም። ሌላው ጥቅል አዲስ ፔዳል ነው፤ ጫፉ የምስር ነው፣ ቀጥታ ይገባል። ያንቺ ይሁን።

ጥቁሯ ከተሰካች ግን ጸጥ ይላል። ይህን ከአባትሽ ደብቀሽ አታድርጊው። እውነቱን ንገሪያቸው። ከፈለጉ እሳቸው ራሳቸው ይሰኩት፤ ካልፈለጉ ካርቶኑ ውስጥ ይቅር።

ስለ እትዬ ላልሽኝ ነገር፣ ለመናገር ገና ነኝ።

አፍራሹ

ግንቦት 2

ለውድ ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ። ያለፈው ደብዳቤዬ አፉ ሰፊ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ካርቶኑን ለአባባ ሰጠሁትና ያልከውን ሁሉ ነገርኩት። ጭኑ ላይ አስቀምጦት ሰነበተ። አንድ ቀን ሲመሽ «ይሄን ስሰካው ትሄዳለች?» አለኝ። «ድምፁ ይቆማል አባባ። እሷን እኔ አላውቅም» አልኩት። መልሴን የወደደው መሰለኝ፤ ካርቶኑን ከፈተው።

ራሱ ሰካው። መብራቷን አበራ፣ ማራገቢያዋን አዞረ፣ እኔን በእጁ «ቀጥዪ» አለኝ። እሱ ይረካ ዘንድ በአሮጌው ፔዳል ነው የሠራሁት። ረጅም ችሎት ነበር፤ የውርስ ክርክር፣ ወንድማማቾች ሲጯጯሁ። ወጣ የለ፣ ገባ የለ፣ ዳኛው «ተፈጽሟል» እስኪሉ ድረስ አንድም ጊዜ አልቆመም። ማዳመጫውን አወለቅሁና ዞር ብዬ አባባን ለማየት ፈራሁ።

«አንዴም አልመለሰችውም» አልኩት።

«ስህተት የለበትማ» አለ። «ምን ብላ ትመልሰው? ይኸው ሁለቴ መስማት ተማርሽ፤ ሥራዋን አስረከበችሽ።»

ያን ማታ ከጠረጴዛው ተነስቶ ከእኔ ጋር እራት በላ። ጠዋት ስነሳ ጫማው በር ሥር የለም። በመስኮት ሳየው መንገዱን ተሻግሮ ወደ መናኸሪያ እየሄደ ነው፤ እንደ ድሮው መኪና ላይ እየጮኸ። እኔም ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ቤቱ ጭር አለብኝ ጋሼ። እፈራው የነበረው ነገር እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

አሁን በአዲሱ ፔዳል እየሠራሁ ነው። ሙከራውን አልፌ ቀጥረውኛል።

አሮጌውን አባባ በራሱ ሹራብ ጠቀለለውና «ይሄ ለአፍራሹ ነው» አለኝ። «ምን ያደርግለታል?» ብለው «እኛ አስታመናታል፣ ቀብረናታል። እሱ ምን አለው? እሱም ዘንድ ትሰንብት» አለ። አብሮት ያለው ፍላሽ የአባባ ድምፅ ነው። ዓይኑ ለመጻፍ እምቢ ስላለው በሩን ዘግቶ ቀዳው። ምን እንዳለህ አልሰማሁም።

አፍቃሪህ ልጅህ፣ ችኩሊት

ሰኔ 14

ለውድ ልጄ ለችኩሊት፣

በመቀጠርሽ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሰላምታዬን ለአባትሽ አድርሺ፣ ለጫማቸውም ጭምር።

ጥቅሉ ደርሶኛል። ሹራቡን ፈትቼ ፔዳሉን ሳየው መሃሉ ላይ እግሯ ያለሰለሰው ቦታ አለ። ስሠራ ብዙ ዕቃ በእጄ አልፏል፤ ዕቃ ይዤ ወንበር ፈልጌ የተቀመጥኩት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እንደ ልማዴ መመርመር ጀመርኩ። ሱቁ ውስጥ ሰፊ ቀዳዳ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር አለኝ። ፔዳሉን እዚያ ላይ ብቻውን ሰካሁት፤ አዳፕተር የለ፣ ሀብ የለ፣ መብራት የለ። ኃይሉን ለካሁ፣ ሙሉ ነው። ሽቦውን አየሁ፣ ጤነኛ ነው። ያንኑ ፕሮግራም ጫንኩና እግር ሲነሳ ወደ ኋላ የሚመልሰውን አሠራር አጠፋሁት። ከዚያ የአባትሽን ፍላሽ ከፍቼ ድምፁን በኪቦርድ አስኬድኩት። ሁለቱም እግሮቼ የወንበሩ እርከን ላይ ነበሩ።

አባትሽ ሰላም አሉኝ። ስለ መናኸሪያ አወሩኝ፣ የዛሬ ሾፌሮችን ሰደቡ። በልጅነቴ ሬዲዮናቸውን ፈትቼ መግጠም ያቃተኝን ቀን አነሱና ሳቁ፤ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እንዲህ አሉ፦ «በመጨረሻዋ ቀን ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ አፍራሹ መጣ ወይ? አለችኝ። እየመጣ ነው አልኳት። እሺ ብላ ዓይኗን ከደነች።»

ድምፁ ቆመ። ወደ ኋላም ተመለሰ።

«አፍራሹ መጣ ወይ? አለችኝ። እየመጣ ነው አልኳት።»

ሽቦውን ደግሜ አየሁ። ኃይሉን ደግሜ ለካሁ። አሠራሩ እንደጠፋ ነው። ድምፁን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስኬድኩት፤ አልተደገመም። ምክንያት መፈለግ እንጀራዬ ነው ልጄ፣ ለዚህ አላገኘሁለትም። ፔዳሉን ልፈታው መፍቻ አንስቼ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔ፣ አፍራሹ፣ ያልፈታሁት ዕቃ ይኸ ነው።

ለምን እንዳልጠየቅሁሽ አሁን ልንገርሽ። እትዬ ስታርፍ እንዳልመጣ የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ይህን ታውቂያለሽ። ካለቀም ቆይቷል፤ ይህን አልነገርኩሽም። ካልመጣሁ ቤቱ እንደነበረ ይቆየኛል። ካልጠየቅሁሽ እሷ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ናት፤ ማራገቢያዋ ፊቷ ላይ፣ እግሯ መሃሉ ላይ። ስለ ቆርቆሮና ስለ ውሻ እየጠየቅሁ በሕይወት አቆየኋት። አንቺ ግን ብቻሽን ከሐዘንና ከአባትሽ ጋር ቀረሽ።

የዛሬ ሳምንት ምድር ቤቱን ዘግቼ እወጣለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። እንዴት እንደታመመች፣ ምን እንዳለች፣ የት እንዳረፈች ከመጀመሪያው ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። አትቸኩዪ፣ ሁለቴ እሰማሻለሁ። ፔዳሉንም በሹራቡ እንደተጠቀለለ በብብቴ ይዤዋለሁ።

ለአባትሽ አደራ ንገሪልኝ። እትዬን አልዋሹአትም። እየመጣሁ ነው።

አፍራሹ